ውስጥ የሌለው ሉህ

«ቆይ እንጂ አንቺ ልጅ! የታሰረ ጆንያ አትነካኪ!» አሉ ወይዘሮ ወለተ ሐና፣ የልጅ ልጃቸውን ተከትለው ወደ ጓዳ እየገቡ።

ሊድያ አልሰማቻቸውም። የክብሪት ቀፎ የምታህል መሣሪያዋን በበቆሎ ጆንያዎቹ መካከል ዝቅ አደረገቻት። አረንጓዴዋ መብራት ቀላች፤ ወዲያውም መሣሪያዋ እንደ ጫጩት ትጮህ ጀመር።

«ምን ሆነች? ሰበርሻት?»

«አልተሰበረችም እምዬ። እህሉ ውስጥ ምን ጨምረዋል?»

«ምን እጨምራለሁ? የነቀዝ ክኒን ነዋ። አገር ሁሉ የሚጨምረውን።»

ሊድያ ክንዳቸውን ይዛ ደጅ አወጣቻቸው። ተመልሳም በሩንና መስኮቱን በረገደቻቸው። ከባሕር ዳር ቢቸና የገባችው ትናንት ነው፤ በዩኒቨርሲቲ የሠራችውን ይህን ነገር እህል በሚቀመጥባቸው ቤቶች ልትሞክረው። አያቷን ግን እስካሁን ያሳሰባቸው የእሷ መክሳት ብቻ ነበር።

«እስቲ አስረጂኝ፤ ይቺ ቁራጭ እንዴት አወቀች?»

«ውስጧ አንድ ስስ ሉህ አለ።»

«ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል?»

«የሽንኩርት ልጣጭማ አጠገቡ ሲቆም የቤት ግድግዳ ነው። የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ነው ያለው። ውስጥ የሚባል የለውም እምዬ፤ ሁለመናው ገጽ ነው። መርዙ ትንሽ እንኳ ሲያርፍበት የሚደበቅበት ቦታ የለም፤ ወዲያው ያሳብቅበታል።»

«የምን መርዝ?»

«ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ይወጣዋል። ነቀዙን የሚገድለው እሱ ነው። በተዘጋ ቤት አብሮት ያደረ ሰው ደግሞ ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሕፃን ከሆነ…»

«ሕፃን ከሆነ ምን?»

«ላያነጋ ይችላል።»

ወይዘሮ ወለተ ሐና አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ወዲያውም ተነሡና ስልካቸውን ከነጠላቸው ጫፍ ፈቱ። ሞጣ ለምትኖረው ልጃቸው ለፀሐይነሽ ደወሉ።

«ሕፃኗን ይዘሽ ውጪ! አሁኑኑ!»

«ምነው እማዬ? ተኝታለች እኮ።»

«ቀስቅሻት! የላክሁልሽን ክኒን እህሉ ውስጥ ከተትሽው?»

«ዛሬ ጠዋት። አንቱ አይደሉ እንዴ እንዳትረሺ ያሉኝ?»

«ውጪ ብያለሁ! በሩን ክፍት ተዪው፤ እስክመጣ እንዳትገቢ!»

ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ሊድያ ልታረጋጋቸው ሞከረች። «ሕፃኗ ወጥታለች እኮ፤ ከእንግዲህ ምን ያስጨንቅዎታል?»

«አንቺ ዝም ብለሽ መንገዱን እዪ።»

እሳቸው መንገዱን አያዩም ነበር። የሚያዩት ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ጥር ነው። ያን ጊዜ ፀሐይነሽን በአዝመራዋ ሊያግዙ ሞጣ ሄደው፣ ክኒኑን በመሐረብ ቋጥረው ወስደው፣ በገዛ እጃቸው በየጆንያው ከተቱት። የፀሐይነሽን የሦስት ዓመት ልጅ፣ ስጦታውን፣ ከበሩ የሚገባው ነፋስ እንዳይመታው ብለው በጆንያዎቹ መካከል አነጠፉለት። የመስኮቱንም ስንጥቅ በጨርቅ ወተፉ። እሳቸው በሩ ጥግ ተኙ። ሲነሡ ራሳቸውን ይወቅራቸው ነበር፤ የመንገድ ድካም መሰላቸው። ልጁ ሐኪም ቤት ሳይደርስ በእናቱ ክንድ ላይ አለፈ።

በዚያው ምሽት፣ ልጁ ከመተኛቱ በፊት፣ የፀሐይነሽ ጎረቤት ዑሙሰልማ፣ ላሟ ወልዳላት፣ አንድ ኩባያ ወተት ለስጦታው ልካ ነበር። ልጁ ያስመለሰው ወተቱን ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ነገር አልጠየቀም።

«ሊድያ» አሉ ድንገት። «ወተት እንዲያ አድርጎ ይገድላል?»

«የማን ወተት?» ሊድያ ወደ አያቷ ዞረች። ፊታቸውን አየች። የስጦታው ሞት ትዝ አላት።

ሞጣ ሊደርሱ ሲሉ ጆሯቸው ሥር ተጠግታ «እምዬ፣ ያኔ ማን ያውቅ ነበር?» አለች።

«ያኔማ ማንም። አሁን ግን እኔ አወቅሁ።»

ፀሐይነሽ የስድስት ወር ሕፃኗን ታቅፋ ከቤቱ ርቃ፣ ባሕር ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ሕፃኗ የነጠላዋን ጥለት ትስባለች፤ ደህና ናት። ወይዘሮ ወለተ ሐና ግንባሯን ዳሰሱ፣ ሆዷን ዳሰሱ፣ ትንፋሿን አዳመጡ፤ ደግመው ዳሰሱ። ሊድያ አፏን በነጠላ ሸፍና ወደ ቤቱ ገባች። የመሣሪያዋ ጩኸት ደጅ ድረስ ተሰማ።

ፀሐይነሽ ያን ስትሰማ የእናቷን ጉልበት ስማ አለቀሰች። «ልጄን አተረፉልኝ እማዬ! የዚያኛውን እንኳ ያቺ ሴት በወተቷ ቀደመችን።»

መመረቅ ብቻ ይበቃ ነበር። «ያሳድግልሽ» ብለው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ጆንያዎቹን አስወጥተው ቢቸና መመለስ። ሊድያም አትናገርም፤ ከቤቱ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች።

ወይዘሮ ወለተ ሐና ወደ አጥሩ ተመለከቱ። ድሮ ፀሐይነሽና ዑሙሰልማ እሳትና ወንፊት የሚቀባበሉበት መተላለፊያ ነበረው። ዑሙሰልማ ለቅሶ ልትደርስ መጥታ፣ ማንም ቦታ ሳይለቅላት ድንኳኑ ጫፍ ላይ ሦስት ቀን ተቀምጣ ሄዳለች። በአራተኛው ቀን ፀሐይነሽ መተላለፊያውን በቆርቆሮ አስመታችው። ሚስማሮቹ ዝገዋል። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው ድስት ይፈገፍጋል።

«ፀሐይነሽ፣ ጉጠት አለሽ?»

«የምን ጉጠት?»

«ሚስማር የሚነቅል።»

«አሁን ምን ሊነቅሉ ነው? እስቲ ቁጭ ይበሉ፣ ደክሞዎታል።»

«አልቀመጥም። የምነግራችሁ ነገር አለ፤ ለአንቺም ለእሷም። ሁለት ጊዜ ለመናገር አቅም የለኝም።»

«ለማን? ለማን ነው እማዬ?»

ጉጠቱ እስኪመጣ አልጠበቁም። ወደ አጥሩ ሄደው ቆርቆሮውን በጣታቸው አንጓ አንኳኩ፤ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ጠንከር አድርገው። ከወዲያ በኩል የድስቱ ድምፅ ቆመ።