የመርፌ ሞክሼዎች

"ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠራው!" አለች ነርሷ፤ ጠራችም። ስሙ ከአፏ ወጥቶ ኮሪደሩን ሲያቋርጥ መስኮቶቹ ነዘሩ፣ የተኛ ሕፃን ነቃ፣ ሲያለቅስ የነበረው ደግሞ ዝም አለ። ስሙን እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ ወረቀቱ ይቀደዳል። ሦስት ታላላቅ ሰዎች የተሸከሙት ስም ነው። አሁን የተሸከመው ልብስ ሰፊ ግን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያጠና ነበር።

"የት ሄደ ሰውየው?" አለች ካርዱን እያውለበለበች።

"እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው እዚህ ቢኖር ጭንቅላቱ ጣሪያውን ይነካ ነበር" አለ አንድ ሹፌር።

"ደግሞስ እሱ ምን ሊሆን ይታመማል? በሽታው ራሱ ነው የሚታመመው!" አለች ከጎኑ የተቀመጠች ወፍራም ሴት። ወደ ልብስ ሰፊው ዞረችና፣ "አይደለም እንዴ ወንድሜ?"

"ል... ልክ ነሽ" አለ።

ሰፈሩ የሚያውቀው "መርፌ" በሚል ነው። ከቅጥነቱ የተነሣ በቁልፍ ቀዳዳ ይገባል ይሉታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መርፌ በጥርሱ ይዞ ኖሯል፤ ወደ ሥጋው ግን አንዲት አስገብቶ አያውቅም። ከጉሮሮው ሥር የበቀለችው እብጠት በእሱ አነጋገር ሎሚ፣ በእህቱ አነጋገር ሐብሐብ ታህላለች። ቀዶ ጥገና ሐኪሙ በሦስት ወር አንዴ ነው ብቅ የሚለው። "ወደ ውስጥ እያደገች ነው። ዛሬ ካልወጣች አንተ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ አትደርስም" ብሎታል። መርፌ ጋደም ካለ ትንፋሽ ስለሚያጥረው፣ ተቀምጦ ከመተኛት ጋር ከተዋወቀ ወር አልፎታል።

ታላቅ እህቱ በኮሌታው ጎትታ አምጥታው፣ ጓንትና ፋሻ ልትገዛ ወጥታለች። "ከዚህች ወንበር ንቅንቅ ብትል ዓይኔን አታየውም!" ብላው ነበር። ይኸው፣ ትእዛዟን ቃል በቃል እየፈጸመ ነው።

ጥፋቱ የአባቱ ነው። የታሪክ መምህር ነበሩ፤ ልጃቸውን ገና በመጠቅለያ ጨርቅ ሳለ ከነማን ጋር አሰለፉት! አንዱ ሞክሼው ሰባት ወንዝ ባንድ ፈረስ የዘለለ ንጉሥ። ሁለተኛው፣ ጦር ደረቱ ላይ ተሰክቶ ምሳውን ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከዚያ "ንቀሉልኝ" ያለ የጦር አለቃ። ሦስተኛው በገዛ ጌታው ላይ ፊት ለፊት "ተረትተሃል" ብሎ የፈረደ ዳኛ። መርፌ ደግሞ ክትባት በመጣ ቁጥር ቁም ሣጥን ውስጥ ይገኝ ነበር።

"አቤት! መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ!"

መርፌ ደነገጠ። ትከሻው ላይ ተደግፈው ያንኮራፉ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። ለሳል ሽሮፕ እንደመጡ፣ ሃምሳ ዓመት ግንብ እንደለሰኑ፣ ጠዋት አውርተውት ነበር፤ ስም ግን አልተጠያየቁም።

"ምነው አባባ፣ ሦስቴ ስጠራ!" አለች ነርሷ።

"እንቅልፍ ጣለኝ። ስሜን በሕልሜ የሰማሁ መስሎኝ።"

"ከማታ ጀምሮ ምግብ አልቀመሱም አይደል?"

"ከየት አምጥቼ ልጄ!"

እሷም የአባት ስም አልጠየቀችም። እንዲህ ያለ ስም ሁለት ሰው ባንድ ኮሪደር ይይዘዋል ብላ በምን ታስብ? አረንጓዴውን ጋውን አስታቀፈቻቸው።

የመርፌ ልብ፣ መቼም እውነት አይደበቅ፣ እልል አለች። በሩ ያው፣ መንገዱ ያው! ሽማግሌው ግን ጥቂት ተራምደው ዞሩና የኖራ ፍንጣቂ ያደረቀው ኮፍያቸውን ጉልበቱ ላይ አኖሩ።

"ያዝልኝ እስቲ፣ አሁን መጣሁ። ለሽሮፕ ልብስ ማስወለቃቸው ግን ምን ነካቸው?"

ኮፍያው ላብ ላብ ይሸታል። ስፌቱ ተተርትሯል። መርፌ እሱን እያየ፣ አባቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በሹክሹክታ የነገሩት ትዝ አለው። ያን ንጉሥ በልጅነቱ ጠላቶቹ ማርከው ከሠላሳ ሰው ጋር አሰለፉት። መልኩን የሚያውቅ የለም። ሊገድሉት ስሙን ሲጠሩ እግሩ እምቢ አለው። ከጎኑ የቆመው ፈረስ ጠባቂ "እኔ ነኝ" ብሎ ወጣ። ንጉሡም አርባ ዓመት ገዛ።

"ፈረስ ጠባቂውስ ስሙ ማን ነበር?" ብሎ ጠይቆ ነበር መርፌ።

"አልተጻፈም" ብለው መጽሐፉን ከደኑ።

የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ተከፈተ። አንድ ነጭ መብራት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ የብረት ትሪ። መርፌ ኮፍያውን ይዞ ከወንበሯ ተነሣ።

"አቤት" አለ። ትንኝ እንኳ አልሰማችውም።

"አቤት! እሳቸውን ተይ! እኔ ነኝ!"

ኮሪደሩ ሁሉ ዞረ። ነርሷ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ብዙ አልፈጀባትም።

"እርስዎ? ስምዎ ማን ነው?"

ስሙን ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ተናገረ። ካርዱን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ሹፌሩ ሊስቅ ብሎ፣ ከመርፌ ጉሮሮ ሥር ያለችውን እብጠት አይቶ ተወው።

መርፌ ኮፍያውን በሽማግሌው ራስ ላይ መለሰ፤ ጋውኑን ተቀበላቸው።

"አባባ" አለ፣ "እህቴ ወጣ ብላለች። እስከ በሩ... እጄን ይያዙልኝ?"

ሽማግሌው ያንን እንደ ድንጋይ የሻከረ እጃቸውን ዘረጉለት።

"ና፣ ሞክሼ።"