የትንፋሽ ቦታ

ፊሽካ እነፋ የነበርኩ ሴት ነኝ። የስፖርት መምህርት ሆኜ ስኖር አንድ ጊዜ ከነፋሁ ሜዳ ሙሉ ተማሪ ቀጥ ይላል። ጉልበቴ ሜዳውን አልችልም ሲለኝ ሌላ እንጀራ መፈለግ ግድ ሆነና፣ የዮጋ መምህርትና ቴራፒስት የሚያደርግ ሥልጠና አለ ቢሉኝ ሳቄ መጣ። ከመለጠጥና ከመተንፈስ ሌላ ምን አለው፣ መተንፈሱንማ ከተወለድኩ ጀምሮ ስሠራው ኖሬያለሁ ብዬ ተመዘገብኩ።

አዳራሹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ ጎሚስታ አለ። ቀኑን ሙሉ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ይንደቀደቃል፣ ከዚያ ድንገት ፀጥ ይላል። እኛ ከላይ ምንጣፋችንን አንጥፈን፣ ጫማችንን በር ላይ ደርድረን፣ ዐይናችንን ጨፍነን እንቀመጣለን። ጎማውም እኛም ስንተነፍስ ነው የምንውለው እያሉ ሠልጣኞቹ ይቀልዳሉ።

አሠልጣኛችን ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው። ድሮ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ማደንዘዣ ይሰጡ ስለነበር፣ ዕድሜያቸውን የጨረሱት የሌላ ሰው ትንፋሽ ሲጠብቁ ነው። «ቀስ በሉ» የሚለው ቃል ከአፋቸው ስለማይጠፋ፣ በሌሉበት እማማ ቀስ በሉ እንላቸዋለን። እኔንም ጓደኞቼ ፊሽካ ብለው ሰየሙኝ፤ ሥራቸው ያውጣቸው።

በመጀመሪያው ቀን ትንፋሻችሁን እዩት እንጂ አትንኩት አሉን። ይኼ ደግሞ ምን ሥራ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ገና ሳየው ትንፋሼ እንግዳ ፊት እንደቀረበ ልጅ ተሽኮረመመ፤ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ይቆረጣል። ባዘዝኩት ቁጥር ይበላሻል፣ በተውኩት ቁጥር ደግሞ እኔው ተመልሼ እነካዋለሁ። ስነሳ በንዴት ደም ሥሬ ተገታትሮ ነበር።

ከአዳራሹ ጥግ አጅሬ የምንለው የፕላስቲክ አጽም ተንጠልጥሏል። እማማ ቀስ በሉ አንድ ቀን የአጅሬን የጎድን አጥንት ይዘው፣ ትንፋሽ ሲገባ እንደ ባልዲ እጀታ ወደ ጎን ከፍ እንደሚል፣ ሲወጣ ዝቅ እንደሚል አሳዩን። ከዚያ የራሴን እጅ ወስደው ጎኔ ላይ አሳረፉት። አጥንቱ ከመዳፌ ሥር ተነሳ፣ ተመልሶ ወረደ። ስንቱን ተማሪ «ደረትህን ንፋ» እያልኩ ስጮህበት ኖሬ፣ ሰው ወደ ጎን እንደሚከፈት አላውቅም ነበር። ስተኛም፣ ስቆጣም፣ ሰው ሳማም ይህ እጀታ ያለ እኔ ትእዛዝ ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል።

ሥልጠናው ሲጋመስ እያንዳንዳችን አንድ ሰው መርጠን፣ እስከ መጨረሻው ከሱ ጋር እንድንሠራ ታዘዝን። በፈተናው ቀንም እዚያው አዳራሽ ውስጥ፣ ሁሉም እያየ፣ ከዚያ ሰው ጋር እንቀመጣለን። እኔ ማንን እንደምመርጥ ማሰብ አላስፈለገኝም። ታላቅ ወንድሜ ነበር።

ጋሼ ነው የምለው። አባታችን ሲሞት አባት የሆነልኝ እሱ ነው፤ ልጅ ሆኜ መንገድ ሲደክመኝ አዝሎኝ ይሄዳል። ሥራው የውሃ ቧንቧ መዘርጋት ነው። አንድ ቀን ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ ቧንቧ ሲያጋጥም የጉድጓዱ ግድግዳ ተናደና አፈሩ እስከ አንገቱ ዋጠው። ጓደኞቹ በአካፋ እንዳይመቱት ፈርተው በእጃቸው እየጫሩ አወጡት። አጥንቱ አልተሰበረም፣ ቁስሉም ሻረ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጋደም ማለት አልቻለም። ጀርባው ፍራሽ ሲነካ ተወርውሮ ይነሳል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ።

የሚያድረው መስኮት ሥር ያለው ወንበር ላይ፣ ትራስ አቅፎ ነው። ሐኪሙ ሳንባህም ልብህም ደህና ነው ብሎታል፤ ነገር ግን እግሩ እያበጠ ስለሆነ ተቀምጦ ማደሩን ካልተወ የእግሩ ደም ሥር እንደሚያሰጋው ሳይነግረው አልቀረም። ሚስቱ አልጋውን ጧት ጧት ታነጥፈዋለች። እሷ የምትተኛው በግድግዳው በኩል ጠርዝ ይዛ ነው፤ በበሩ በኩል ያለው ግማሽ እንደተነጠፈ ውሎ እንደተነጠፈ ያድራል። ምስክር ወረቀቱን እፈልገዋለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ፤ ከሱ በላይ ግን ጋሼ እንደ ሰው ጋደም ብሎ ማየት ነበር የምፈልገው።

የተማርኩትን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። ትንፋሽ ሲወጣ ረዘም ካለ ልብ ይረጋጋል፤ ይህ በስንቱ ሰው ላይ ሲሠራ በዐይኔ አይቻለሁ፣ በራሴም ላይ ሠርቷል። ስለዚህ ጋሼን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ አስወጣ፣ ገና ነው፣ አስወጣ እለዋለሁ። እሱ ግንባሩን ላብ ያጠምቀዋል፣ ከንፈሩ ይደርቃል፣ ወንበሩን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይይዛል። በሄድኩ ቁጥር ይብስበት ጀመር። እኔ እልህ የያዘው መሰለኝና ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ ይህ ወንድምሽ እንጂ ተማሪሽ አይደለም አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ፊሽካው ብቻ ነበር የቀረኝ።

በዚህ ላይ ደግሞ የጅል ሥራ ሠራሁ። ከልምምዱ መጨረሻ ላይ በጀርባ ጋደም የሚባልበት አቀማመጥ አለ፤ ወደዚያ እንደምንደርስ ላደፋፍረው ብዬ ነገርኩት። ስሙ ማን ይባላል ሲለኝ ሳላስብ አፌ አመለጠኝ።

«የሬሳ አቀማመጥ» አልኩ።

ጋሼ የግንባሩን ላብ በመዳፉ ጠረገ።

«እሱንማ ሞክሬዋለሁ» አለ።

ሚስቱ በሳቅ ፍርስ አለች፣ እሱም ሳቀ። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ ይህንንም እንኳ እዚያ ቤት ማሰብ ነውር መሰለኝ።

የሆነውን ሁሉ ለእማማ ቀስ በሉ ነገርኳቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብለው ይተርቱብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ወንድሜን ይዤው እንድመጣ ብቻ ነገሩኝ። ከሰዓት በኋላ አመጣሁት። ደረጃውን እየቆመ ወጣ፣ ጫማውን ከጫማችን ጎን አስቀመጠ። እማማ ቀስ በሉ ምንጣፍ ላይ ጀርባ ለጀርባ እንድንቀመጥ አደረጉን። ይህ የሳቸው ዘዴ ነው፤ ማስተማር ከመጀመርሽ በፊት የሰውየውን ትንፋሽ በጀርባሽ አድምጪ፣ አፍ ይዋሻል፣ ዐይንም ይዋሻል፣ ጀርባ ግን ገና መዋሸት አልተማረም ይላሉ። እኔንም አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ አስጠነቀቁኝ።

ጀርባው ጀርባዬን ነካው። ልጅ ሆኜ የታዘልኩበት ጀርባ ነው፤ ያኔ ጉንጬን ለጥፌበት እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። አሁን ግን በመሐሉ አንድ ደንዳና ነገር አለ። ትንፋሹ ይገባል፣ ትንሽ ይወጣና ቀጥ ይላል፤ ከዚያ በላዩ ላይ ሌላ ይገባል። በሞላ ብርጭቆ ላይ ውሃ እንደሚጨምር ሰው ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እየጮህኩበት አንድም ቀን አላየሁትም። እንባዬ መጣ። እንዳልናገር ስለተከለከልኩ፣ አለሁልህ ለማለት ጠጋ አልኩት፤ ትንሽ ሲያስወጣ ተከትዬ ደግፌ ያዝኩት።

ጋሼ ተወርውሮ ተነሳ። የሚይዘው አጥቶ ሲንገዳገድ የጨበጠው የአጅሬን ክንድ ነበር። አዳራሹ ውስጥ የሳቀ የለም። እማማ ቀስ በሉ ወንበር አቀረቡለትና ምንም ሳይጠይቁት አጠገቡ ቁጭ አሉ። እሱም አጽሙን እንደያዘ ለሚስቱ እንኳ ያልነገራትን ተናገረ።

«ሰው ሁሉ ትንፋሽ መሳብ ያቃተኝ ይመስለዋል» አለ። «መሳቡ አልነበረም የቸገረኝ። ማውጣቱ ነው። ባስወጣሁ ቁጥር ደረቴ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ አፈሩ ደግሞ ያቺን ቦታ ወዲያው ይይዛታል። ከያዘ አይመልስም። ሦስት አራት ጊዜ አስወጥቼ ነገሩ ሲገባኝ፣ ያለኝን ይዤ ቆየሁ።»

እኔ እኮ በየቀኑ ቤቱ እየሄድኩ አስወጣ፣ ገና ነው፣ አስወጣ ስለው ነበር የከረምኩት።

እማማ ቀስ በሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«ቅድም ጀርባሽ ምን ሆነበት ልጄ?»

«አፈር» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተለማመድኩት ማፈግፈግ ነው። ወደ ፊት መሄድ የኖርኩበት ነው፣ ማፈግፈግ ግን አልችልበትም። ከአንዷ ሠልጣኝ ጋር ጀርባ ለጀርባ እንቀመጣለን፤ እሷ ስታስወጣ እኔ ከጀርባዋ ለመራቅ ላባ ያህል ብቻ ወደ ፊት ዘንበል እላለሁ፤ ስትስብ ጀርባዋ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል። መጀመሪያ ላይ ወይ ቀድማታለሁ ወይ እዘገያለሁ። ቆይቶ ግን ትንፋሿ ሊዞር ሲል ከመዞሩ በፊት ይሰማኝ ጀመር። የሰው ጀርባ ይህን ያህል ይናገራል ብሎ ማን ነገረኝ። ስንት ዘመን ሰውን በጆሮዬ ብቻ ስሰማ ኖርኩ።

የፈተናው ቀን ጋሼ ከሚስቱ ጋር መጣ። እሷ በሩ አጠገብ የራሷንና የጋሼን ጫማ ታቅፋ ተቀመጠች፤ ተወርውሮ ከተነሳ ቶሎ አጥልቃለት ይዛው ልትሄድ ነው መሰለኝ። እኛ ጀርባ ለጀርባ ሆንን። ልቤ ድው ድው ይል ነበር፣ እሱም እንደሚሰማው አውቃለሁ። ትንሽ አስወጣ፤ እኔ ትንሽ ሸሸሁ። ቆመ። ጠበቀ። አፈሩን እየጠበቀ እንደሆነ በጀርባዬ ገባኝ። አፈሩ አልመጣም። ትንፋሹን ሳበ፣ የለቀቀው ቦታ እንደተለቀቀ አገኘው።

አሁንም አስወጣ፣ ከቅድሙ ትንሽ ጨምሮ። እኔም ጨምሬ ሸሸሁ። እንዲህ እያልን ስንቴ እንደሄድን አላውቅም፤ በሥራዬ ላይ ሆኜ ሳልቆጥር ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። አንድ ጊዜ ረጅም አስወጣና በጣም በቀስታ ተናገረ።

«አልያዘውም» አለ።

ከዚያ ማንም ሳያዘው ዞር አለና ወለሉን በመዳፉ ዳሰሰ። መጀመሪያ በክርኑ ተደገፈ፣ ቀጥሎ በጎኑ ሆነ፣ በመጨረሻ ጀርባው ምንጣፉን ነካ። ሚስቱ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች፤ እማማ ቀስ በሉ በእጃቸው ብቻ ቀስ በይ አሏት። እኔ ራስጌው ተቀመጥኩ። እጄ ሊነካው ይቁነጠነጣል፤ ጭኔ ሥር ከትቼ ተቀመጥኩበት።

ጋሼ አስወጣ። ደረቱ ወረደ፣ ሆዱ ወረደ፣ የጎድኑ እጀታ ሁሉ ዝቅ አለ፤ በመጨረሻ የሚወጣ ነገር አጣና ቆመ። እንዲያ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ታች ኮምፕሬሰሩም ፀጥ አለ። ልጮህ ነበር፤ ሳብ፣ ጋሼ፣ ሳብ ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ማንም ሳይጠራው፣ እሱም ሳይጠራው፣ ትንፋሹ መጣ። ሆዱን አነሳ፣ ጎኑን ከፈተ፣ እስከ አንገቱ ሥር ሞላው። ከከፈትኩት አፌ ድምፅ አልወጣም። ሰው የሚኖረው በዚህ ነው ለካ፤ ያለውን ሁሉ ይለቃል፣ ከዚያ ይሰጠዋል። አስተምረዋለሁ ብዬ የመጣሁትን ነገር ጋሼ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ሲያስተምረኝ ፈራሁ፣ ደስም አለኝ፤ እጅግ ትልቅ የሆነ ነገር አጠገብ የመቀመጥ ፍርሃት ነበር።

ጥቂት ቆይቶ ማንኮራፋት ጀመረ። ሚስቱ ጫማውን እንዳቀፈች መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ማንኮራፋቱን ረስቼው ነበር» ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። ትስቃለች፣ ያንኑ ጊዜ እንባዋ ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።

ተረኞቹ ሠልጣኞች ፈተናቸውን ትተው ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። አለፍሽ ወደቅሽ ያለኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ማንም ከቦታው ሳይነቃነቅ የመስኮቱ ፀሐይ ከአጅሬ እግር ተነስታ እስከ በሩ ሄደች።

ጋሼ ሲነቃ የት እንዳለ ቶሎ አልታወቀውም። ጣሪያውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ዐይኑ ሚስቱ ላይ ቆመ። በጀርባው እንደተኛ እጁን ዘርግቶ ጫማውን ተቀበላት።

«ማታ አልጋው ላይ ቦታዬን ትለቂልኛለሽ?» አላት።

«ቦታህን ማን ያዘው?» አለችው።