ለሙሉጌጥ የተገባ ቃል

ሲስተር ብዙአየሁ የሟቿን መኝታ ቤት መጋረጃ ገለጥ ሲያደርጉ ኤልናታን መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን ፈልገው ነው ሲስተር?»

«እናታችሁ ጋ አንዲት ቦርሳ ነበረች። እሷን ልወስድ ብዬ ነው።»

«የእናቴ ቦርሳ ከሆነ እዚሁ ይቀመጥ።»

መነኩሲቷ አልተከራከሩም። ወደ ድንኳኑ ተመልሰው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ሄራን ሳሎን ፍራሹ ላይ ሆና ሁሉንም አየች። ሐዘን ከተቀመጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ሲስተር ሦስቱንም ቀን መጥተዋል፤ ሦስቱንም ቀን ዓይናቸው ከዚያ መጋረጃ አልተነቀለም።

«አላልኩም?» አለች አክስቷ ገበያነሽ በሹክሹክታ። «ሰኞ በእግሯ ሆስፒታላቸው ሄዳ ሐሙስ ሬሳዋ ወጣ። አሁን ደግሞ ማስረጃ ለማጥፋት ቤት ድረስ መጡ!»

ኤልናታን በሆስፒታሉ ላይ ለጤና ቢሮ የሚያስገባውን አቤቱታ ጽፎ ጨርሷል። እህቱ ሄራንም እፈርማለሁ ብላዋለች።

እናታቸው ሙሉጌጥ እነሲስተር ጋ ስትቀጠር ሆስፒታል የሚባል ነገር አልነበረም። አራት ካቶሊክ መነኮሳት በተከራዩዋቸው ሁለት የቆርቆሮ ክፍሎች ሕዝቡን ያክማሉ፤ ውኃ የሚመጣው በአህያ ጋሪ ነው። ሙሉጌጥ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የሕሙማኑን ልብስ በእጇ ታጥባለች። እሑድ እሑድ ወደ ራሷ ቸርች ስትሄድ አንዳቸውም ለምን አላሏትም። ቀስ በቀስ ማዋለጃው ተሠራ፣ ከዚያ የቀዶ ሕክምናው ክፍል፣ በመጨረሻም ባለ አራት ፎቁ ሕንፃ። የልብስ ማጠቢያ ማሽን የመጣ ጊዜ ሙሉጌጥ አላመነችውም። ያጠበውን እያገላበጠች፣ «ይሄ ደም የት እንደሚደበቅ አያውቅም» ትልና በእጇ ትደግመዋለች።

ከቀትር በፊት ሄራን ተነስታ መኝታ ቤት ገባች። ቦርሳዋን ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከነጠላዎቹ ሥር አገኘቻት። ውስጧ የመድኃኒት ብልቃጥና አሥራ አራት ቀጠሮ የተጻፈበት ካርድ ነበር። አንድ የታጠፈ ወረቀትም ነበር፦ ታማሚዋ የማኅፀን ካንሰር እንዳለባት ተነግሯት ቀዶ ሕክምና አልፈልግም ብላለች ይላል። ከግርጌው የእናቷ ፊርማ አለ፤ ያ መሠረተ ትምህርት ገብታ የተማረችው፣ ወደ ጎን ያዘመመ ፊርማ። የተፈረመው ካቻምና ነው።

ካቻምናም አምናም ዘንድሮም እሑድ እሑድ አብረዋት ምሳ በልተዋል። ምግቡን ስትተወው «ጨጓራዬ ነው» ትላቸው ነበር።

ሄራን ሲስተርን ጠርታ በጓሮ በኩል፣ ከውኃው ሮቶ ጀርባ ወሰደቻቸው።

«ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«እኛስ? ልጆቿ አይደለንም?»

ሲስተር መሬት መሬቱን አዩ። «አስምላኝ ነው። ‹አርባ ዓመት አንሶላ አጥቤያለሁ፤ ይሄ በሽታ የያዘው ሰው አንሶላ ምን ሆኖ እንደሚመጣ ማንም አይነግረኝም። ልጆቼ ዓመት ሙሉ በሽተኛ ከሚያዩ እናታቸውን ይዩ› አለችኝ። ስትሞት ቦርሳዋን ወስጄ እንዳቃጥለው ቃል አስገባችኝ።»

«ወንድሜ እኮ ሊከሳችሁ ነው።»

«ይክሰስ። እኔና እሷ እዚያ ግቢ የገባነው በአንድ ዓመት ነው፤ እኔ ልመነኩስ፣ እሷ ልታጥብ። ለማንም ሳልነግር እኖር ነበር።»

ሄራን ለአፍታ ጠላቻቸው። እናቷ ያን ሁሉ ፍርሃት አውጥታ የሰጠችው ለእሳቸው ነው፤ ለእሷ የደረሳት ጨጓራዬ ነው የሚለው ብቻ ነው።

«ቃሉን የገቡት እርስዎ ነዎት» አለች በመጨረሻ። «እኔ አልገባሁም።»

ሄዳ ቦርሳዋን ለኤልናታን ሰጠችው። እሱም ቆሞ አነበበ፤ ጨረሰና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ገበያነሽ ከፍራሹ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ምን ይላል?» አለች። እሱ አቤቱታውን ከኪሱ አውጥቶ ከወረቀቱ ጋር አብሮ አጠፈውና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተው።

የጎረቤቶች ምሳ ደረሰ። ሰዉን ሊያስታጥብ አንድ ጎረቤት ጆጉን ሲያነሳ ኤልናታን ተቀበለው። በር ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አልፎ ሲስተር ብዙአየሁ ፊት ደረሰና ዝቅ አለ።

«ይታጠቡ ሲስተር።»

እጃቸውን ዘረጉለት። ታጥበው ጨረሱ፤ እሱ ግን ውኃውን ማፍሰስ አላቆመም። እሳቸውም እጃቸውን አልሰበሰቡም።