የእንግሊዙ ፈረሶች

አሳይታ ውስጥ የእሳት ምድጃ ያለው መኝታ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ጋ አለ። ድሮ የጥጥ እርሻ ያስተዳድር የነበረ እንግሊዛዊ ቤቱን ሲያሠራ ልክ እንደ አገሩ ከነጭስ ማውጫው ነው ያሠራው። ከእሱ በኋላ ቤቱ መጋዘን ሆነ፣ ቢሮ ሆነ፣ የፍየል ማደሪያም ሆነ። በመጨረሻ በባለቤቴ በሐጂራ እጅ ገባና ሆቴል ሆነ።

ሐጂራ ለዚህ ቤት ብላ ኮምቦልቻ የነበራትን ሱቅ ሸጠች። እንግሊዝ አገር የመሳፍንት ቤቶች ሆቴል ሆነው፣ እንግዳው ምድጃ ዳር ለመቀመጥ ሲሻማ በስልኳ አይታለች። "ሰው ለታሪክ ይከፍላል" አለችኝ። እኔ ዕድሜዬን በጅቡቲ መንገድ ላይ በከባድ መኪና የፈጀሁ ሰው ነኝ፤ እሳት መሞቅ ያማረኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። ግን ዝም አልኩ። ሐጂራ ከወሰነች በኋላ ዝም ማለት ለጤና ጥሩ ነው።

ችግሩ፣ እዚህ በሙቀት ወራት ጣራ ስር የሚተኛ የለም። ከሎጊያ የሚመጡት ሾፌሮች ቁልፍ ይቀበላሉ፣ ክፍሉን አይተው "ማሻ አላህ" ይላሉ፣ ከዚያ አልጋውን ተሸክመው ግቢ ያወጡታል። ሐጂራ ተናዳ "አልጋ ማውጣት ክልክል ነው" የሚል ማስታወቂያ ለጠፈች። ሾፌሮቹም ሌላ ሆቴል ሄዱ። እሷ ግን አርአያ ልሁን ብላ ክፍል አንድ ውስጥ፣ ምድጃው አጠገብ ትተኛለች፤ ጠዋት በላብ ተነክራ ትወጣና "ነፋሻ ነው" ትለኛለች። እኔ ጄኔሬተር እጠብቃለሁ በሚል ሰበብ ጓሮ ነው የማድረው።

ቤቱን ለእንግዳ የምታስጎበኘው ራሷ ናት። ግቢው ውስጥ፣ በግድግዳውና በበረንዳው ምሰሶዎች ላይ የተተከሉ የብረት ቀለበቶች አሉ። "እንግሊዙ ፈረሶቹን የሚያስረው እዚህ ነበር" ትላለች። ቀለበቶቹ ከአናቴ በላይ ናቸው። አንድ ቀን "ሐጂራዬ፣ ፈረሶቹ ግመል ነበሩ እንዴ?" ብላት ራቴን ብቻዬን በላሁ።

ባለፈው ወር ፍቅረሰላም የሚባል የጉዞ ወኪል ከአዲስ አበባ መጣ። ቤቱን ከወደደው ቱሪስቶች ይልክልናል። ካልወደደው ሐጂራ ሆቴሉን ዘግታ ኮምቦልቻ ልትመለስ ወስናለች፤ ሱቁ ግን የለም። ይህን ስትነግረኝ አንጀቴን በላችው፤ ያን ቀን አልቀለድኩባትም። ክፍል አንድን ለቀቀችለት። ለማሳመር ብላ ምድጃው ውስጥ እንጨት ሳይቀር ደረደረች።

ጠዋት ቁርስ ይዘን በሩን አንኳኳን። ስንከፍተው ሰውየውም የለም፣ አልጋውም የለም።

ሐጂራ ወደ ግቢ ሮጠች። ፍቅረሰላም አልጋውን አውጥቶ ለጥ ብሏል። አጎበሩ በሁለት በኩል ከግድግዳው ቀለበቶች፣ በሁለት በኩል ከምሰሶዎቹ ቀለበቶች ታስሮ ተወጥሯል። አልጋው በመካከላቸው ልክክ ብሏል።

"ይቅርታ ወይዘሮ ሐጂራ" አለ ነቅቶ ዓይኑን እያሸ። "ማስታወቂያዎን አይቻለሁ፤ ግን ውስጥ አልቻልኩም። ደግሞ የአጎበር ማሰሪያ ተዘጋጅቶ ሳይ የተፈቀደ መሰለኝ።"

ሐጂራ ቀለበቶቹን አየች። ቀና ብላ ጭስ ማውጫውን አየች። "ያ ረቢ! እንግሊዙም እዚሁ ነበራ የሚተኛው!"

"ፈረሶቹስ?" አልኳት።

"አንተ ሰውዬ፣ ወላሂ ዝም በል!" አለችና በሳቅ ፈረሰች። ስንት ወር ሙሉ ሳትስቅ ኖራ ነበርና ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ፍቅረሰላም እንግዶች ሊልክ ቃል ገባ፤ እሱ የተኛበት ቦታ እንዲተኙ ብቻ ለመነ። ሐጂራ ማስታወቂያውን ቀደደች፤ የ"ክፍል አንድ"ን ቁጥር ከበሩ ነቅላ ቀለበቱ ላይ አንጠለጠለችው።

ሲመሽ የራሷን አልጋ እየጎተተች ጓሮ መጣችና ከአልጋዬ አጠገብ ዘረጋችው። ጓሮ ብቻዬን መተኛት መሮኝ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ።

"ነፋሻ ነው አይደል?" አልኳት።

አልሰማችኝም። እንቅልፍ ወስዷታል።