የመርፌ ጫፍ የሚያህል ደም

ከየዓለምወርቅ ጎን ያለው ፍራሽ ዛሬም ባዶውን ዋለ። ለቀስተኛው «እግዜር ያጥናሽ» ይላትና የባሏ እህት ደሳለች ወዳለችበት ጥግ ሄዶ ይቀመጣል። ደሳለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ግን የዓለምወርቅ እንድትሰማት አድርጋ ታወራለች።

«ሐኪሙ ቀዶ አይቶታል። ሳንባው ላይ ደም ነጠብ ነጠብ ብሏል አሉ። የታፈነ ሰው ምልክት ነው። በትራስ ነው እንጂ በምን!»

ባል ሞቶባት ገዳይ መባሏ! የዓለምወርቅን ከሞቱ ይልቅ ሰው ሸሽቷት ብቻዋን መቀመጧ ባሰባት።

ባሏ ዓምሃ ድሮ ጤነኛ ሰው ነበር። ቀይ ሽብር በተፋፋመ ጊዜ ቀበሌ ሲፈልገው ተሸሸገ። «እጅህን ስጥ ወንድሜ፣ ጠይቀው ይለቁሃል» ብላ እስከ ቀበሌው ደጃፍ ያደረሰችው ደሳለች ናት። እውነትም ለቀቁት። ጭንቅላቱ ላይ ያረፈው ዱላ ግን የሚጥል በሽታ አተረፈለት። በወደቀ ቁጥር የዓለምወርቅ ክብሪት ጭራ ጭሱን ታሸትተዋለች። ሲነቃ ሁሌም የሚለው አንድ ነው፦ «ደሳለች እንዳትሰማ። ከሰማች በቁሟ ትሞታለች።»

የሞተ ዕለት የዓለምወርቅ እንጦጦ ማርያም ኪዳን አድርሳ ስትመለስ ትራሱ ላይ ተደፍቶ አገኘችው። ክብሪቱ እሷ ጉያ ውስጥ ነበር።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ሬሳውን የመረመረው ዶክተር ስብሐት ለቅሶ ሊደርስ መጣ፤ የዕድራቸው አባል ነው። ወሬው ሳይደርሰው አልቀረም፣ በሁለቱ ሴቶች መካከል ተቀመጠ።

«ሳንባውና ልቡ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ የደም ነጠብጣቦች አሉ፤ እውነት ነው» አለ። «የታፈነ ሰው ላይ ይታያሉ። ሳይታፈን የሞተም ላይ ይታያሉ። አንገቱ ደህና ነው፣ ከንፈሩም አልቆሰለም። በነጠብጣብ ብቻ ሰው ነፍሰ ገዳይ አይባልም።» ወደ የዓለምወርቅ ዞረ። «እህቴ፣ የሚጥል በሽታ ነበረበት እንዴ? እሱም እንዲህ ያደርጋል። እንደዚያ ከሆነ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል።»

አንድ ቃል ብትተነፍስ ትገላገላለች። ግን በሽታው ከየት መጣ ይባላል። ማን ወሰደው ይባላል። ደሳለች ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ ቁርጥ የዓምሃን ነው።

«አልነበረበትም» አለች የዓለምወርቅ።

«ሰማችሁ?» አለች ደሳለች።

አመሻሹ ላይ መብራት ጠፋ። ደሳለች ኩራዝ ይዛ «ክብሪት ያለው?» ስትል የዓለምወርቅ ከጉያዋ አውጥታ አቀበለቻት። ደሳለች ኩራዙን ለኮሰችና ክብሪቱን መሬት ላይ ትታው ሄደች።

የዓለምወርቅ በጉልበቷ እየዳኸች ሄዳ አነሳችው። የምታሸትተው ሰው ባይኖርም ወደ ጉያዋ መለሰችው።