ቤት ለቀው ቁልፍ ያልለቀቁት እትዬ ገበያነሽ

ሐሴት ሰሞኑን ምግብም አልበላ ብሏታል። ከርነል በሚሉት፣ ማሽኑን ሁሉ በሚያዝዘው ፕሮግራም ውስጥ የገባ፣ ራሷ የጻፈችው አንድ ኮድ አላት፤ እሱ አንዳንዴ ኮምፒውተሩን ድርግም ያደርገዋል። ይባስ ብሎ በዚያች ቀዳዳ ሌባ ሊገባ ይችላል። እስከ ዛሬ ማታ ካልተስተካከለ የከርነሉ ኃላፊዎች ኮዱን ነቅለው ያወጡታል። የዓመታት ልፋቷን ውሃ በላው ማለት ነው።

ሻይ ቀዳች፣ ስኳር ጨመረች፣ ፉት አለች። ጨው ነው።

«እትዬ ገበያነሽ ናቸው» አለች ለራሷ።

እትዬ ገበያነሽ ሞንተሬይ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ያለው የዚህ ቤት የቀድሞ ተከራይ ናቸው። እዚሁ ቅርብ ካለችው ከተማ፣ ቸስተርሚር፣ ልጃቸው ጋ ከገቡ ከርመዋል። መቼም የኛ ሰው ቤት ሲለቅ ቁልፍ ይመልሳል ያላችሁ ካለ አታልሏችኋል! «ለክፉም ለደጉም» ብለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተውታል። ሐሴት ሳትኖር ይመጡና፣ ደግ ናቸው እንግዲህ፣ ወጥ ፍሪጅ ያስገባሉ፣ የጎደለ ይሞላሉ። በሳቸው ጊዜ የጨው የነበረው ጣሳ ዛሬ የስኳር መሆኑን ማን ይንገራቸው? ጨዋቸውን ገለበጡበት።

ሐሴት ብርጭቆዋን እንደያዘች ቀረች። ኮዷም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ሜሞሪ ላይ የያዘውን ቦታ ይለቃል፤ አድራሻውን ግን አይጥልም። ቦታው ለሌላ ከተሰጠ በኋላ ተመልሶ ይገባና የራሱን ይደፋበታል።

ቁልፍ ይመልሱ ማለት ነውር ስለሆነባት ደውላ ሌላ ነገር ለመነች። «እትዬ፣ ሻዬን ጨው አደረጉት'ኮ። ቁልፉን ይያዙት፤ ብቻ ከመግባትዎ በፊት ኮል ያድርጉልኝ፣ ኦኬ?»

«ውይ በሞትኩት። እሺ የኔ ልጅ።»

ለኮዱም ቦታው አሁንም የራሱ መሆኑን የሚጠይቅ አንድ መስመር ጨመረችለት። ሞከረችው። ማሽኑ አሁንም ድርግም። ተስፋዋ ተሟጠጠ።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጠራ። «ሐሴትዬ፣ ልገባ ነው፤ አለሽ?»

ድምፁ ከስልኩም መጣ፣ ከኩሽናም መጣ። ከክፍሏ ብትወጣ እትዬ ገበያነሽ ኮታቸውን አውልቀው፣ ጣሳውን አጥበው፣ አዲስ ስኳር እየገለበጡበት ናቸው።

«ደወልኩልሽ'ኮ» አሉ ቅር ብሏቸው።

ሐሴት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ሮጣ ተመለሰች፤ የሷም ኮድ የሚጠይቀው ከገባ በኋላ ነበራ! ያቺን የምትጠይቅ መስመር አንስታ ኮዱ ወደ ቦታው ከሚገባበት መስመር በላይ አደረገቻት። ደጋግማ ሞከረችው፤ ማሽኑ አንዴም ድርግም አላለም። ለኃላፊዎቹ ልካው ስትጨርስ ደስታው እንባዋን አመጣው።

እትዬ ገበያነሽ ትኩስ ሻይ ይዘው ብቅ አሉ። ሐሴት ተቀበለች፤ ወደ አፏ ከማስጠጋቷ በፊት ግን ቀና ብላ አየቻቸው።

«እትዬ፣ ስኳር ነው አይደል?»