ለቆላ ሰው የተሠራ ኮፍያ

ጥሩሸዋ እጇን የምታምን ሴት ናት። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ገበያ የበግ ጠጉር ይዞ የመጣ ሰው ከረጢቱን ሳይፈታ በላዩ ዳበስ ታደርግና «ይሄ ዝናብ የመታው ነው፣ ለሌላ ሽጠው» ብላ ትመልሰዋለች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በገብሱም በበጉም ነው፤ ስሟን ያስጠራው ግን ኮፍያዋ ነው። ጠጉሩን ራሷ ታጥባለች፣ በደጋን ትነድፋለች፣ ትፈትላለች፣ በመርፌም ትሠራዋለች። ቀለም አትነክርም። በጎቿ ነጭ፣ ጥቁርና ዳለቻ ናቸውና «እግዜር የነከረው ይበቃኛል» ትላለች። በኮፍያው ዙሪያ የምታወጣው የገብስ ዘለላ ከሩቅ ያስታውቃል።

በኅዳር ለልጇ ለአርሴማ ሽማግሌ መጣ። ጠያቂው ናሁሰናይ ነው፤ የመርሐቤቴ ልጅ ሆኖ መሐል ሜዳ ከብት የሚያክም፣ ጨዋ፣ አርሴማም የወደደችው። ጥሩሸዋ በልቧ ከፈቀደች ቆይታለች። በሁለተኛው ቀጠሮ ግን የልጁ አባት አቶ አስፋው አብረው መጡ። ከዓለም ከተማ በታች ካለው ቆላ የወጡ፣ ማሽላና ማንጎ የሚያለሙ ትልቅ ሰው ናቸው። በስስ ነጠላ ተቀምጠው ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ፣ የተሰጣቸውን ጋቢ «አይበርደኝም» ብለው መለሱ። ጨዋታው ሞቅ ሲል ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና፦

«አገሩስ መልካም ነው፤ ግን እናንተ እዚህ ከብርድ ሌላ ምን ታመርታላችሁ?» አሉ።

ሽማግሎቹ ሳቁ። ጥሩሸዋም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

እንግዶቹ እንደወጡ የታጠበ ጠጉር ያለበትን ቅርጫት ጎተተች። «ምን እንደምናመርት አናታቸው ላይ አሳያቸዋለሁ። ለሠርጉ ኮፍያ እሠራላቸዋለሁ።»

«እማዬ፣ ልካቸውን ሳትወስጂ?» አለች አርሴማ።

«አይቻቸዋለሁ። እንደሳቸው ያለ ራስ አይረሳም።»

የጥሩሸዋ ኮፍያ ሁለት ክር ይዞ የሚሄድ ሥራ ነው። ነጩ ከፊት ወጥቶ ዘለላውን ሲሠራ፣ ጥቁሩ ከጀርባ ተጋድሞ ተራውን ይጠብቃል፤ ጥቁሩ ሲወጣ ደግሞ ነጩ ወደ ጀርባ ይገባል። ከጀርባ የሚያልፈው ክር ከላላ ጣት ያጠልፋል፣ ከጠበቀ ኮፍያውን ያንቀዋል። ይህን እሷ ለስንቱ የሠፈር ሴት አስተምራለች። እናም ጠዋት ከብቱ ሲሰማራ ደጅ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች፣ መርፌዋ ይንቀጫቀጫል፣ አቶ አስፋውም በሐሳቧ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ይከራከሯታል። «ከብርድ ሌላ?» ይላሉ። ክሩን ሳብ። «ምን ታመርታላችሁ?» ይላሉ። አሁንም ሳብ።

የገና በዓል ሳይደርስ ኮፍያው አለቀ። ዘለላው ፍሬው የሚቆጠር ይመስላል፤ እንዲህ ያማረ ሠርታ አታውቅም። ጎረቤቷን ጫኔን ጠራችው፤ ራሰ ትልቅ በመሆኑ የአቶ አስፋው መለኪያ እንዲሆን ያሰበችው እሱን ነው። ጫኔ ቢያጠልቀው ኮፍያው ከጆሮው በላይ ቀረ። ቢጎትተው አልወርድ አለ፤ ሲለቀው ተፈናጥሮ አናቱ ላይ ቆመ።

«ጥሩዬ፣» አለ ጫኔ፣ «ይሄ የተሠራው ለሰው ነው ለእንቁላል?»

ኮፍያውን ነጥቃ ገለበጠችው። የጀርባው ክር እንደ ክራር ጅማት ተወጥሯል። ስትመታው ድምፅ የሚያወጣ መሰላት። ገና ልጅ ሆና መርፌ ስትይዝ እንኳ እንዲህ አላጠበቀችም። ግድግዳው ላይ ሰቀለችውና በጎቿን ልታይ ወጣች።

በማግስቱ ናሁሰናይ አንዲት የምታነክስ በግ ሊያክም መጣ። ሰኮናዋን አጥቦ መድኃኒት ቀብቶ ሲያበቃ ኮፍያውን አየው።

«የማን ነው፣ እማማ?»

«የአባትህ ነበር። አልሆነም።»

ልጁ ኮፍያውን ከግድግዳው አወረደ። ቀጥሎም አቀርቅሮ፣ «አባቴ ያን ቀን የተናገረው አስቀይሞዎታል፣ አውቃለሁ» አለ። «እናቴ ከሞተች በኋላ እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ተምሬ ወደ ቀዬዬ እመለሳለሁ ብዬው ነበር። መንዝ ተመደብኩ፤ አርሴማን አገኘሁ፤ አሁን እዚሁ ቤት ልሠራ ነው። ብርዱን አይደለም የሚጠላው። እኔን ያስቀረበትን አገር ነው እንጂ።»

ጥሩሸዋ በጓን እየደባበሰች ሰማችው። አርሴማ ቆላ ወርዳ ብትቀርስ እሷ ምን ትል ነበር? ማሽላውን ትረግም ነበር። ማንጎውንም ትረግም ነበር።

«ቁጭ በል፣ ልጄ» አለችው። ኮፍያውን ከእጁ ተቀበለችና የክሩን ጫፍ ፈልጋ ሳበች። ዘለላው ዙር በዙር ይተረተር ጀመር።

«ኧረ እማማ! እንዲህ ያማረውን!»

«እኔ ነኝ የሠራሁት፤ እንደገና ማሳመር አያቅተኝም። ይልቅ ያንን ጥቁሩን ጠቅልልልኝ።»

ክሩን አጥባ አሰጣችው፣ መጨማደዱ ሲለቅም ከመጀመሪያው ጀመረች። አሁንም አቶ አስፋው በሐሳቧ መጡ፤ የመጡት ግን ባዶ ቤት ውስጥ ምሳቸውን ለብቻቸው የሚበሉ ሰውዬ ሆነው ነው። እጇ እንደወትሮው ሄደ። ጫኔ ሁለተኛውን ሲያጠልቀው እስከ ቅንድቡ ወረደና «ይሄን እንኳ ባልመልስልሽስ?» አለ። ከራሱ ላይ መንጭቃ ወሰደችበት።

ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ሆነ። የወንዱ ወገን ዳስ ሲደርስ ሜዳው ገና ውርጭ ለብሷል፣ ከሰው አፍ እንፋሎት ይወጣል። አቶ አስፋው አዲስ ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ራሳቸው ባዶ ነው፣ ጆሯቸው ቀልቷል። ጥሩሸዋ ሰው እስኪቀመጥ አልጠበቀችም። በሠርገኛው መሃል አቋርጣ ሄዳ ኮፍያውን በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

«የቤታችን ምርት ነው፣ አቶ አስፋው። እንኳን ደህና መጡ።»

የሠርገኛው ዓይን ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ያንን «ከብርድ ሌላ» ያሉትን ንግግር ያልሰማ ሰው አልነበረም። አቶ አስፋው ኮፍያውን አዩና ፈገግ አሉ።

«ልጄን ድሬ ቆብ ልጫን? ልታመነኩሱኝ ነው?»

«ቆብስ ገዳም ይሰጥዎታል። ይሄ ኮፍያ ነው።»

ተቀበሉት። የገበያ ሰው ናቸውና ገልብጠው ውስጡን ፈተሹ። በጣታቸው የጀርባውን ክር ተከተሉ። «እዚህ የተደበቀው ምንድነው?»

«አልተደበቀም። አንዱ ክር ፊት ሲወጣ ሌላው በጀርባው አብሮት ይሄዳል። ተራው ሲደርስ ይወጣል። ቆርጬ የምጥለው የለኝም።»

አቶ አስፋው ወደ ልጃቸው አዩ፣ ወደ እሷም አዩ። «ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ ስለ ኮፍያ ነው የሚነግሩኝ?»

«ስለ ኮፍያ ነው» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር።

ሽማግሌው ጎንበስ አሉና ኮፍያውን አጠለቁት። ልክ ሆነ። ከቅንድባቸው በላይ፣ ጆሯቸውን ሸፍኖ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገ መስሎ ተቀመጠ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ «ብርዱ ነው» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ከዚያ በኋላ ጋቢውንም እምቢ አላሉም፤ ሲጨፈር ትከሻቸውን ሲሰብቁ ኮፍያው ከራሳቸው ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ ሊመለሱ የነበሩት ሰው እስከ መልሱ ቆዩ። ከጫኔ ጋር የበግ በረት ዞሩ፣ ከጥሩሸዋ ጋር ስለ ሙሽሮቹ ቤት ቦታ ተጨቃጨቁ፣ «በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ይሁን» ብለውም ረቱ። የሚሄዱ ዕለት ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቅ በመስኮቱ አንገታቸውን አወጡ።

«ለፋሲካ ሁላችሁም እኔ ዘንድ ናችሁ! ሱፍ ለብሳችሁ እንዳትመጡ፣ ትቀልጣላችሁ።»

«እርስዎ ብቻ ጥላ ያለው ዛፍ ያዘጋጁ» አለች ጥሩሸዋ። «ማንጎውንም እንቀምሳለን፤ የሚባለውን ያህል ከሆነ።»

አቶ አስፋው እየሳቁ መስኮቱን ዘጉ። መኪናው ሲንቀሳቀስ አርሴማና ናሁሰናይ ጥቂት ተከትለውት ሄዱ። ጥሩሸዋ የዳሱን እንጨት የሚያፈርሱት ሰዎች ሲሳሳቱ አየችና፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ «ከላይኛው ጀምሩ እንጂ!» እያለች ወደነሱ ሄደች።